የዘንድሮ ጎማ

የኤዶ ከልቱም ልጅ ሆዳን ከሐርጌሳ ደውላ «እማዬ አረፈች» ስትለኝ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ነፍስ ይማር» አልነበረም። «የት?» ነው ያልኳት። ግራ ገባት። የመቃብሩን ቦታ የጠየቅኳት መስሏት እሱን ልትነግረኝ ጀመረች። አይደለም፣ የት ሆና ነው ያረፈችው፣ መንገድ ላይ ነው ወይስ ቤቷ አልኳት። ቤቷ፣ ፍራሿ ላይ፣ የጠዋት ሻይዋን ጠጥታ ጋደም እንዳለች ነው አለችኝ። እፎይ አልኩ። ሰው ሞተ ሲባል እፎይ ማለት ነውር መሆኑ አልጠፋኝም። ግን ኤዶ ከልቱምን የሚያውቅ ሰው አይፈርድብኝም። ያቺ ሴት ከዓለም የምትፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ጎማ ፈንድቶ መንገድ ላይ መቅረት።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስጠግነው የነበረውን የባጃጅ ጎማ አስቀምጬ ቁጭ አልኩ። አሁን ወልድያ ውስጥ የራሴ ትንሽ ጎሚስታ አለችኝ። ባለ ባጃጁ ቶሎ በል ሊለኝ አፉን ሲከፍት ፊቴን አየና ተወኝ።

«ኤዶ» ሶማሌዎች በዕድሜ የምትበልጣቸውን ሴት የሚጠሩበት ነው፤ እኛ «እትዬ» እንደምንለው። ኤዶ ከልቱም ሐርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ጎማ ትሸጥ ነበር፤ አዲስም፣ ከዱባይ በኮንቴይነር የሚመጣ ያገለገለም። ስሟን ሳያውቅ «የጎማዋ ሴትዮ» ብሎ የሚጠራት ሹፌር ብዙ ነው። ያደገችው ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛዋም የድሬ ነው፤ ትንሹም ትልቁም አንተ፣ ሁሉም አንቺ። እኔ የወልድያ ልጅ፣ ከእናቴ የምትበልጥ ሴት «አንቺ» ለማለት ምላሴ ተሳሰረ። መጀመሪያ ሰሞን «እርስዎ» ስላት ዞር ብላ ከኋላዋ የቆመ ሰው ትፈልግ ነበር። በኋላ ቁርጡን ነገረችኝ። አቦ፣ እርስዎ የሚባለው ዳኛ ነው፣ እኔን አንቺ በለኝ ወይ ሌላ ሥራ ፈልግ አለች። አልኳት፤ ምን አማራጭ አለኝ።

የቀጠረችኝም ለሙያዬ አይደለም፤ ሙያ የሚባል አልነበረኝም። ሐርጌሳ የገባሁት እንጀራ ፍለጋ ነው፤ አሕመድ ዳጋህ በሚባለው ሰፈር በሚሠራ ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ስሸከም ነበር የከረምኩት። አንድ ቀን በሱቋ ደጃፍ ሳልፍ ከባለቤቴ ከብርቱካን ጋር በስልክ ስንጨቃጨቅ ሰማችና ጠራችኝ። በሶማሊኛ ስቆጣ የሚሰማኝ ሁሉ ዘመዴ ነው፣ ይቀየመኛል፤ በአማርኛ የምቆጣው ሰው ቸግሮኛል አለች። የቀለደች መስሎኝ ነበር። በማግስቱ ክሪክ አስጨበጠችኝ፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ በአማርኛ ተቆጣችኝ።

የጎማ ነገር የት እንደተማረች አንድም ቀን አልነገረችኝም። መነጽሯን ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በቆረጠችው ማሰሪያ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች፤ ጎማ ለማየት ግን ቶሎ አታደርገውም። መጀመሪያ አውራ ጣቷን ጎኑ ላይ ጭና ትገፋለች። ከዚያ ታሸተዋለች። ከዚያ በጣቷ አንጓ ኳኳ አድርጋ ጆሮዋን ታዘነብላለች። መነጽሯን የምታደርገው በመጨረሻ፣ ጎኑ ላይ የታተሙትን አራት ቁጥሮች ለማንበብ ነው። የፊተኞቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ ጎማው የተሠራበትን ዓመት ይናገራሉ። ስድስት ዓመት ያለፈውን፣ ጥርሱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ወደ ጓሮ ታስጥለኛለች። የጓሮው ክምር የጫማ ሠሪው ነው፤ በወር አንዴ እየመጣ ለበረባሶ ይጭነዋል። እንዲህ ያማረ ጎማ ለበረባሶ ሲሄድ አንጀቴ ያርር ነበር። እሷ ግን ጎማ ቆሞም ያረጃል፣ ሳይነዳ ጋራዥ የከረመ ጎማ ላዩ ሙሽራ ውስጡ ብስኩት ነው ትለኛለች።

ደንበኛ ሲመጣ ደግሞ ስንት አለህ ብላ አትጀምርም። «ማንን ልትጭንበት ነው?» ብላ ነው የምትጀምር። ሲሚንቶ ለሚጭነው ሌላ፣ ተማሪ ለሚያመላልሰው ሌላ ትመርጣለች። ጎማው ከተገጠመ በኋላ ግን ለሁሉም የምትለው አንድ ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሂድና ቁም፣ የጎማውን ዳዶዎች እንደገና አጥብቅ፣ አራቱንም ጎማ በእጅህ ዳስስ። እኔንም በሶማሊኛም በአማርኛም እንደ አቡነ ዘበሰማያት በቃሌ አስያዘችኝ። ረስቼ የለቀቅኩት ደንበኛ እንደሆነ በእግሬ ታስሮጠኛለች። ሹፌሮቹ ይስቃሉ፤ ግን ያልቆመ እንደሆነ በኋላ ዓይኑን አይታ ታውቅበታለችና ይቆማሉ።

እንግዲህ በ2013 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ወደ እኛ አገር ተጠጋ ተባለ። ነሐሴ ሲገባ ስልክ ጠፋ። ብርቱካንና የሁለት ዓመት ልጃችን ወልድያ ናቸው። በቀን ሃያ ጊዜ እደውላለሁ፤ የምታነሳው ያቺ ማግኘት አይችሉም የምትለዋ ሴት ብቻ ናት። ሐርጌሳ ያለን የወሎ ልጆች እሑድ እየተገናኘን የሰማነውን እንለዋወጣለን። አንዱ ሁሉም ወጥተዋል ይላል፣ ሌላው ማንም አልወጣም ይላል። ሰምተን ስንለያይ ካለመስማት ይብስብናል። እኔ ስልኩ የጠፋበትን ቀን በሱቁ ግድግዳ ላይ በጠመኔ ጻፍኩና ከሥሩ በየጠዋቱ አንድ ጭረት መጨመር ጀመርኩ። ኤዶ አየችና አለፈች። ግድግዳ ሲቆሽሽባት ዝም የምትል ሴት ስላልነበረች ገረመኝ።

ፋይሰል የመጣው በዚያ ሰሞን ነው። ስልክ ጠጋኝ ነው፤ ኢትዮጵያ አራት ዓመት ስለተማረ አማርኛው ቅልጥፍ ያለ ነው። መኪናው ሁለት በር ያላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው ቀይ የጃፓን ስፖርት መኪና ናት። ሳያገባ የገዛት ናት፤ ያኔ በድምፅዋ ሰፈሩን ታንቀጠቅጥ ነበር አሉ። አሁን ግን አራቱም ጎማዋ ተላጭቶ የአንዱ ሽቦ ብቅ ብሏል። ሚስቱ በርበራ እናቷ ዘንድ ናት፣ ስምንተኛ ወሯን ይዛለች። የበርበራ ሙቀት በነሐሴ ጤነኛውንም ያስለቅሳል። ወደ ሐርጌሳ፣ ወደ ቀዝቃዛው አምጥቷት እዚህ እንድትወልድ ነው ሐሳቡ። ለሚወለደው ልጅ የሚያስፈልገውን ገዝቶ የተረፈው ገንዘብ ደግሞ ለስፖርት መኪና አዲስ ጎማ ሩብም አይሆን።

ችግሩ ቸርኬዋ፣ ጎማው የሚታሰርበት ብረት ነው። እንዲህ ያለች መኪና ቸርኬዋ ሰፊ፣ ጎማዋ ስስ ነው፤ ያ ስስ ጎማ ሐርጌሳ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም፣ ቢገኝም ዋጋው አይቀመስም። ፋይሰል ሦስት ሱቅ ዞሮ ነው የመጣ። አንዱ ከዱባይ አስመጣለሁ፣ ወር ታገሠኝ ብሎታል። ሌላው አራቱም የማይመሳሰሉ፣ የተለጣጠፉ አሳይቶታል። ሦስተኛው ዋጋውን ሲነግረው አመስግኖ ወጥቷል። ኤዶ እንደ ልማዷ ማንን ልትጭንባት ነው አለችውና ነገሩን ስትሰማ ፈረደች። ቁንጅናውን እርሳው፣ ቸርኬዎቹን እናውጣና ትንሽ ቸርኬ እንግጠምላት አለች። ለታክሲ የሚሆነው ጎማ አዲሱም ርካሽ ነው፣ ጎኑ ወፍራም ስለሆነ ጉድጓዱን ይችላል፣ ከነቸርኬው ሲለካ ቁመቱ ከድሮው እኩል ይመጣል። ብሎኑ የሚገጥም ቸርኬ ከተሰባበሩት መኪናዎች ፈልጌ ነገ አመጣልሃለሁ፣ ከሰዓት ና አለችው። ትልልቆቹን ሀብት ስታገኝ ትመልሳቸዋለህ። ፋይሰል ፊቱ ጠቆረ። ስፖርት መኪና በታክሲ እግር ብሎ ወደ እኔ አጉረመረመ። ኤዶ ሰምታው ሚስትህ የምትቀመጠው ከላይ ነው፣ የመኪናዋን እግር ጎንበስ ብላ አታይም አለችው።

በማግስቱ ጠዋት ኤዶ 26 ጁን ሰፈር ለቅሶ ልትደርስ ሄደች፤ በዚያው ቸርኬዎቹን ልትፈልግ። ፋይሰል ከሰዓትን መጠበቅ አልቻለም፣ በሦስት ሰዓት መጣ። ሚስቱ እግሯ አብጦ፣ እንቅልፍ አጥታ፣ እያለቀሰች ደውላለታለች። የሚገጥም ነገር የለህም ወይ ብሎ ለመነኝ። አሁን ሳስበው እኔን የጣለኝ ያ ልመና ነው። ሚስቱ ደውላ አልቅሳለታለች! የእኔ ደውላ ብታለቅስልኝ ምን ያልሰጠሁ። እኔ መድረስ ቢያቅተኝ ይህ ሰው ይድረስ፣ በእኔም እጅ ይድረስ አልኩና ጓሮ ገባሁ።

ከክምሩ ሥር አራት ስስ ጎማ አገኘሁ። ልክ የእሱ መጠን፣ አራቱም ወንድማማች፣ ጥርሳቸው ያልተነካ። እንዴት ተጣሉ ብዬ ራሴን ጠየቅሁና ራሴው መለስኩ፤ መጠኑን የሚገዛ ሰው ስለጠፋ ነው አልኩ። እንደ ኤዶ አውራ ጣቴን ጫንኩ። የእኔ አውራ ጣት ግን ገና ማንበብ የማያውቅ ጨዋ ነበር፣ ምንም አልነገረኝም። ከዚያ ቁጥሩን አነበብኩ፤ 2413 ይላል። ሃያ አራተኛ ሳምንት፣ አሥራ ሦስት። ደስ ብሎኝ ልጮህ ምንም አልቀረኝ። የዘንድሮ ጎማ!

የጎማ ዓመት የሚቆጠረው በፈረንጅ መሆኑን አላውቅም ነበር ብዬ እንዳልዋሽ፣ አውቃለሁ። ዓመት ሙሉ ሳነብ ኖሬያለሁ። በፈረንጅ ያ ዓመት 2021 ነው፤ አሥራ ሦስት የሚለው ጎማ ስምንት ዓመቱ ነው። ግን በዚያ ጠዋት ሱቁን ስከፍት ነሐሴ 2013 ከሚለው ጽሑፌ ሥር ጭረቴን ጭሬ ነው ሥራ የጀመርኩት። እጄ ሐርጌሳ፣ ጭንቅላቴ ወልድያ ነበር። ለፋይሰልም አሥራ ሦስቱን አሳይቼ የዘንድሮ ነው አልኩት። እሱም ራሱን ነቀነቀ። የተማረ ሰው፣ ስልክ ፈታትቶ የሚገጥም ሰው! በኋላ ስንነጋገር እሱም እንደኔው ነው ያሰበ። በአማርኛ ስናወራ ዘመኑም በአማርኛ ሆነብን።

ገጠምኩለት፤ መኪናዋ አማረባት። ሒሳቡም ከጠበቀው በጣም ያነሰ ስለሆነ መረቀኝ። ሲወጣ ያችን ጸሎቴን ደገምኩለት፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሂድና ቁም፣ ዳዶውን አጥብቅ፣ ጎማውን ዳስስ። አውቃለሁ፣ የኤዶ ሕግ ናት ብሎ ስቆ ሄደ። ስልክ ከጠፋ ወዲህ ሻይ ጣፍጦኝ የጠጣሁት ያን ሰዓት ነው።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ኤዶ በአሮጌ ፒክአፗ መጣች። አራት ትንንሽ ቸርኬ፣ አዲስ የታክሲ ጎማ አስገጥማ ጭናለች። አትልፊ፣ ፋይሰልን ጨርሼ ሸኝቼዋለሁ ብዬ በኩራት ነገርኳት። በምን አለች። ነገርኳት። ከመኪናዋ ሳትወርድ ሞተሩን አጠፋች።

«ቁጥሩ ምን ይላል አልክ?»

«ሃያ አራት፣ አሥራ ሦስት። የዘንድሮ ነው፣ ኤዶ።»

ግድግዳውን አየች። ጭረቶቼን፣ ከበላያቸው የጻፍኩትን ዓመት አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ።

«የማን አሥራ ሦስት?» አለች፣ ቀስ ብላ።

ሌላ ቃል አላስፈለገኝም። ያ ሁሉ የማውቀው ነገር አንድ ላይ መጣብኝ፤ ስምንት ዓመት የቆመ ጎማ፣ የነሐሴ ፀሐይ፣ የበርበራ ቁልቁለት፣ ሲመለስ ደግሞ ከጎኑ የምትቀመጠው የስምንት ወር እርጉዝ። ቁጣዋን ጠበቅሁ። ብትሰድበኝ፣ ብትማታኝ ይሻለኝ ነበር። እሷ ግን ስልኳን አወጣች። ለፋይሰል ደወለች፤ መስመር የለም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ግባ አለችኝ።

ያን መንገድ እንዴት እንደሄድነው እኔና እሷ እናውቃለን። ያ ፒክአፕ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ ሮጦ አያውቅም። ነፋሱ አቧራውን መንገዱ ላይ ይነዳዋል። እኔ በልቤ እመቤቴ ማርያምን እየለመንኩ ነው፤ የእሷም ከንፈር ይንቀሳቀሳል፣ ያ ረቢ ስትል ይሰማኛል። አስፋልቱ ላይ የተቦጫጨቀ ጎማ ባየን ቁጥር በመስኮት አንገቴን አወጣለሁ፤ የከባድ መኪና ሆኖ ሲገኝ መልሼ አስገባለሁ። የተገለበጠ ቀይ ነገር እንዳላይ ፈርቼ ዓይኔን ልጨፍን እልና ደግሞ እንዳያልፈን ብዬ እከፍታለሁ። በመሐል አንድ ጊዜ ብቻ አናገረችኝ።

«ሃምሳውን ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«በደንብ ነግረኸዋል?»

«እንዳስያዝሽኝ ነው የነገርኩት፣ ኤዶ።»

እሺ አለችና ፔዳሉን ረገጠች።

ከከተማው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ሹፌሮች ሻይ የሚጠጡባት አንዲት የቆርቆሮ ዳስ አለች። ከሩቅ ቀይ ነገር አየሁ። ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሁለቱም በሮቹ ተከፍተዋል። ፋይሰል ከኋላ ጎማው ሥር ቁጢጥ ብሎ መፍቻ በእጁ ይዟል። ተመስገን፣ ተመስገን እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ፤ ኤዶ መኪናዋን ከኋላው አቆመች።

እንደተነገረው ቆሟል። ዳዶዎቹን አጥብቋል። ጎማዎቹን በእጁ ሲዳስስ የኋላው ቀኙ እንደ ጋለ ድስት እጁን አቃጠለው፤ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ከውስጥ በኩል በጎኑ ላይ እንቁላል የሚያህል አብጧል። ትንሽ ቢሄድ ኖሮ ያበቃ ነበር። ወደፊት እንዳይሄድ ፈርቶ፣ እንዳይመለስ ፈርቶ፣ እንዳይደውል ኔትወርክ የለም፤ የሚያውቀው መኪና እስኪያልፍ ይጠብቃል። እኔን ሲያይ ቱግ አለ። በአማርኛ ጀምሮ ሶማሊኛውን ጨመረበት፣ እኔን ጨርሶ ወደ አባቴ አለፈ፣ ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ስድብ በሙሉ አወረደብኝ። ኤዶ ክንዷን አጣምራ ቆማ በፈገግታ ታየዋለች። ልለምነው ስል በእጇ አገደችኝ። ተወው ይቆጣ አለች፣ የተቆጣ ሰው ደህና ነው።

ትንንሾቹን ቸርኬዎች እዚያው መንገድ ዳር ገጠምናቸው። ያቺ ቆንጆ መኪና የታክሲ እግር አወጣች፣ አስቀያሚ ሆነች። ፋይሰል ዞሮ ዞሮ አያት፤ መጀመሪያ ሊናደድ ፈለገ፣ ከዚያ ሳቅ አሸነፈው። ሦስታችንም እንባችን እስኪፈስ ሳቅን፤ የሻይ ቤቷ ሴትዮም ምን እንደሚያስቅ ሳታውቅ አብራን ሳቀች። ሲነሳ ኤዶ በመስኮቱ ጎንበስ ብላ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሂድና ቁም አለችው። በዚህ ጊዜ ሳይስቅ እሺ አለ።

ስንመለስ ከሥራ አውጪኝ ያልኳት እኔ ነኝ። የሰው ነፍስ ላጠፋ ነበር፣ አባሪኝ አልኳት። እሷ ግን ስለ እናቷ ነገረችኝ። እሷ 88 በምትለው፣ እኛ 1980 በምንለው ዓመት ከድሬ ተመልሰው የኖሩባት ሐርጌሳ ከሰማይ ስትደበደብ ከእናቷ ጋር በጭነት መኪና ተጭነው ወደ ኢትዮጵያ ወጡ። ሹፌሩ ጎማው ጥርሱ አዲስ ነው ብሎ ይምል ነበር። ድንበሩ ሳይደርሱ ፈነዳ፤ መለዋወጫ ስኮርታ ጎማ የለም። መራመድ የሚችል በእግሩ ሂድ ተባለ። እናቷ ያን ያህል መራመድ አትችልም። አንቺ የጎረቤቶቹን ልጆች ይዘሽ ሂጂ ብላ አስገደደቻት። ኤዶ በኋላ ሰው ልካ ስታስፈልግ መኪናው አለ፣ አጠገቡ ማንም የለም። ዐሥራ አንድ ወር ወሬ ጠፋ። በመጨረሻ በአንድ የስደተኞች ሰፈር የውኃ ወረፋ ላይ ሆና ከፊት አንዲት ሴትዮ ተራዬን ወሰድሽብኝ ብላ ስትጨቃጨቅ ሰማች። ድምፁን አወቀችው። ሮጣ ስትሄድ እናቷ ከላይ እስከ ታች አየቻትና «የት ቆየሽ?» ብላ ተቆጣቻት።

«ወሬ ጠፋ ማለት ሰው ጠፋ ማለት አይደለም» አለችኝ ኤዶ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሳ። «አንተም ሥራህን ሥራ።»

ያን ጊዜ ነው ለምን እንዳልተቆጣችኝ የገባኝ። ኤዶ የምትቆጣው ሰላም ሲሆን ነው። ሱቁ ስንደርስ መቆጣት ጀመረች፤ ግድግዳውን አቆሸሽክ፣ ክሪኩን ሜዳ ላይ ትተህ መጣህ፣ የሻይ ብርጭቆህን ሳታጥብ ሄድክ። እንደዚያ ቀን ስድብ ጥሞኝ አያውቅም። ከአራቱ ጎማ ሦስቱን ለጫማ ሠሪው ሰጠችና ያበጠውን ደጃፉ ላይ አስተኛችው። ጠመኔዬን ቀምታ 13 ብላ ትልቅ አድርጋ ጻፈችበት፣ ከዛሬ ጀምሮ ወንበርህ እሱ ነው አለችኝ። ከማግስቱ ጀምሮ ደግሞ ጠዋት ስትገባ ዛሬ በእናንተ ስንት ነው ብላ ትጠይቀኛለች። እነግራታለሁ። ከጭረቴ ጎን የእኔን ቀን ትጽፋለች፣ ከእሱ ጎን የፈረንጁን። ቁጥር እንዳላምታታ መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ነው አብራኝ እየቆጠረች መሆኑን ያወቅሁት።

ፋይሰል በማግስቱ በሱቁ በኩል አለፈ። ሚስቱ ከፊት ተቀምጣ ሆዷን ይዛለች። ኤዶ መንገዱ መሐል ገብታ አስቆመችው፤ ሰላምታውን ትታ መጀመሪያ አራቱንም ጎማ በእጇ ዳሰሰች። ሚስቲቱ ይህቺ ሴትዮ ምን ሆና ነው ብላ በመስኮት ትመለከታታለች። ከሳምንታት በኋላ ወንድ ልጅ መውለዷን ሰማን።

ጭረቶቹ ግድግዳውን ሞልተው ወደ በሩ ዞሩ። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ቀን ረፋድ ላይ፣ በዚያ ጎማ ላይ ተቀምጬ ከመነዳሪ ስለጥፍ፣ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። አነሳሁ።

«አንተ ሰውዬ! ስልክህን ማን ጋ ነው ይዘህ የምትውለው? ከጠዋት ጀምሮ ስሞክር ተይዟል፣ ተይዟል! የሰው ስልክ ለምኜ ነው እኮ!»

ብርቱካን ናት። ልጄ ከኋላ ስታለቅስ ይሰማኛል። ስልኬ የተያዘው እኔው የእሷን ቁጥር ስደውል መሆኑን ልነግራት ፈለግሁ፣ ድምፄ እምቢ አለኝ። አለን፣ ሁላችንም አለን፣ ቆርቆሮው ብቻ ነው የተበሳሳ አለችና መልሳ ተቆጣች፤ ለምን ዝም ትላለህ፣ የሰው ሒሳብ እየበላ ነው አለች። ስትዘጋ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ጎማው ላይ እንደተቀመጥኩ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ኤዶ ከውስጥ ወጥታ ፊቴ ቆመች። ክፉ ይሁን ደግ መለየት አቅቷታል።

«ምን አለችህ?»

«ተቆጣችኝ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» ብላ መሬቱ ላይ ዘፍ አለች። ስትነሳ የሻርፗን ጫፍ ውኃ ነክራ ግድግዳውን ጥግ እስከ ጥግ አጠበችው። ላግዝሽ ስላት አርፈህ ተቀመጥ አለችኝ።

መንገዱ ሲከፈት፣ ቤቴን ማደስ የሚያስችለኝን ስቋጥር አገሬ ገባሁ። የተሰናበትንበት ቀን አይረሳኝም። ሰው ተሳፍሮ ሞልቶ ሳለ ኤዶ የአውቶቡሱን ጎማ አንድ በአንድ በአውራ ጣቷ ሳትጫን፣ ሳታሸት፣ መነጽሯን አድርጋ ሳታነብ አልለቅም አለች። ሹፌሩ ጡሩንባ ይነፋል፣ ተሳፋሪው ያጉረመርማል፣ እኔ በኀፍረት ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ እላለሁ። አንዱን ጎማ ሁለት ጊዜ አነበበችው። በመጨረሻ ለሹፌሩ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ሂድና ቁም አለችው። እኔን አልሳመችኝም፤ ደርሰህ ካልደወልክ ወየውልህ ብላ ተቆጥታ ነው የሸኘችኝ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ፣ ለቀስተኛው ጋብ ይላል ብዬ በገመትኩበት ሰዓት፣ ለሆዳን መልሼ ደወልኩ። አጽናናኋት፣ አጽናናችኝ። ያ 13 የተጻፈበት ጎማ አሁንም ደጃፉ ላይ አለ፣ እማዬ ማንም እንዳያነሳው ትል ነበር፣ ምን ላድርገው አለችኝ። ደንበኛ ይቀመጥበት አልኳት። ከዚያ ሆዴ ውስጥ የቀረችውን አንዲት ጥያቄ ጠየቅኳት፤ ያን ጠዋት እንዴት ነበረች አልኳት። ሆዳን አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማኋት።

«ተቆጥታኝ ነበር» አለች። «ሻዩ ቀዘቀዘ ብላ። ያውም በአማርኛ።»

«እንግዲያስ ደህና ነበረች» አልኳት።